«ጎብጬ ልቀር ነው?»

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፤ ዕድሜዬ 43 ነው። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ጠዋት የስፌት መኪናዬ ላይ ከተቀመጥኩ እስከ ምሳ፣ ከምሳ በኋላም እስኪመሽ አልነሳም። በተለይ በበዓልና በትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። አሁን ማጅራቴንና በትከሻዎቼ መሃል ይቆረጥመኛል። ስሰግድ ሱጁድ ወርጄ ስነሳ ደግሞ ወገቤን ይይዘኛል። ሰሞኑን ሰርግ ላይ ከጎን ፎቶ አንስተውኝ አንገቴ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ትከሻዬ ተጠቅልሎ አየሁትና ደነገጥኩ። እናቴ በእርጅናዋ ጎብጣለች። እኔም ጎብጬ ልቀር ነው? ሰው ሁሉ ‹ዲስክ ተንሸራቶብሽ ይሆናል› ይለኛል። ጀርባ ያቀናል የተባለ ቀበቶ ልገዛ አስቤያለሁ። ዓይኔም ደክሟል መሰለኝ፣ ክር መርፌ ውስጥ የምታስገባልኝ ልጄ ናት። እሷ 14 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ቁመቷ ተመዞ እኔን በልጣኛለች፤ ግን ትጎብጣለች። ቀን በቀን ‹ቀጥ በይ› እላታለሁ፤ አትሰማኝም። ምን ላድርግ?»
ልብስ ሰፊዋ፣ ከጅማ

እህቴ፣ ሰላም ላንቺም ይሁን።

ከጻፍሽው ተነስቼ ስናገር፣ ጎብጠሽ የምትቀሪ አይመስለኝም። ፎቶው ላይ ያየሽው የደከመ ጡንቻ የለመደው አቋም ይመስለኛል። ቤትሽ ሆነሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ቁሚ። ተረከዝሽ ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ፤ መቀመጫሽና የላይኛው ጀርባሽ ይንካ። አሁን አገጭሽን ሽቅብ ሳታነሺ የራስ ቅልሽን የኋላ ክፍል ግድግዳው ላይ ለማድረስ ሞክሪ። ትንሽ ታግለሽም ቢሆን ከደረሰ፣ ጀርባሽ አሁንም ይዘረጋል ማለት ነው። ፈጽሞ የማይደርስ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ሁላችንም ከልጅነታችን «ቀጥ በል፣ ቀጥ በይ» እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ግን ጤነኛ አከርካሪ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለም። የሚንቀሳቀሱት አጥንቶች 24 ናቸው፤ 7ቱ አንገት ላይ፣ 12ቱ ደረት ላይ፣ 5ቱ ወገብ ላይ። አንገት ላይ ወደ ፊት ለመጥ ይላሉ፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ፣ ወገብ ላይ እንደገና ወደ ፊት። የሰውነት ክብደት በደንብ የሚከፋፈለው በእነዚህ ጥምዞች ምክንያት ነው። ቀጥ በይ ስትባዪ ደረትሽን ትነፊያለሽ፣ ወገብሽን ትገትሪያለሽ። ሁለት ደቂቃ ትይዢዋለሽ፤ ከዚያ ይደክምሻል፤ ተመልሰሽ ትጎብጫለሽ። ቀጥሎ ራስሽን ሰነፍ ትያለሽ። ስንፍና አይደለም፤ ማንም ሰው በዚያ ሁኔታ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ አይችልም።

ጀርባን የሚጎዳው ዋናው ነገር በአንድ ሁኔታ ደርቆ መዋል ነው። በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮች በአዋቂ ሰው ላይ ይህ ነው የሚባል የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም። ምግባቸውንና ውሃቸውን የሚያገኙት ስንንቀሳቀስ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ሲጫኑ ይጨመቃሉ፣ ሲለቀቁ ፈሳሽ መልሰው ይስባሉ። ጡንቻም እንዲሁ ነው። ለረጅም ሰዓት ተወጥሮ ከቆየ ይደክማል፣ ከዚያ ያንን የምታውቂውን ቁርጥማት ያመጣል። ስለዚህ ጎብጦ መዋልም ያማል፣ ተገትሮ መዋልም ያማል። ጎበጥ ብለሽ አንድ ኪስ ብትሰፊ ምንም አትሆኚም። ችግሩ ከጠዋት እስከ ምሳ አለመነሳትሽ ነው።

አንገትሽ ለምን ቀድሞ እንደታመመም ላስረዳሽ። የሰው ራስ ወደ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንገት ሲያቀረቅር ግን ማጅራት ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የኮምፒውተር ስሌት በ60 ዲግሪ ሲታጠፍ ጫናው እስከ 27 ኪሎ እንደሚደርስ ገምቷል። ስሌት ነው እንጂ ህመም የለካ ጥናት አይደለም፤ ስለዚህ አትፍሪ። ማጅራትሽ ለምን እንደሚዝል ግን ያሳይሻል።

«ዲስክ ተንሸራቶብሽ ይሆናል» የሚሉሽን ሰዎች ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ሆኖም ወገብ በታመመ ቁጥር ዲስክ ማለት ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ምንም ህመም የሌለባቸውን ሰዎች የምስል ምርመራ ተመልክቶ ነበር። የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶዎቹ፣ የ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 84 በመቶዎቹ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ታይቷል። ህመም ግን የለባቸውም። ህመሙ እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረ እስከ ባትሽ ወይም እግርሽ ድረስ ካልወረደ፣ እግርሽም ካልደነዘዘ፣ ገንዘብሽን ኤምአርአይ ወደሚባለው የምስል ምርመራ ለመውሰድ አትቸኩዪ።

አሁን ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ወደያዘኝ ነገር ልምጣ። «ክር መርፌ ውስጥ የምታስገባልኝ ልጄ ናት» ብለሻል። እንደ ዋዛ ነው ያነሳሽው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይናችን ሌንስ የመለጠጥ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝብናል። በሽታ አይደለም፤ ለሁሉም ሰው የሚመጣ ነው። ልብስ ሰፊ ግን ከሌላው ቀድማ ትቸገርበታለች። ስፌቱ አልታይ ሲል አንገት ወደ ፊት ይወጣል፣ ብርሃን ፍለጋ ደግሞ ጀርባ ይጎብጣል። ዓይንሽ አልይ እያለ አንገትሽን «ተመለስ» ብትዪው አይሰማሽም። ከምንም ነገር በፊት ዓይንሽን ተመርመሪ። የሚያስፈልግሽ ቀላል የማንበቢያ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል። መነጽሩ ሲታዘዝልሽ ልብስ ሰፊ መሆንሽን ተናገሪ። ከመርፌው እስከ ዓይንሽ ያለውን ርቀት በሜትርሽ ለክተሽ ሂጂ፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከሚይዝበት ርቀት ሊለይ ይችላልና።

ብርሃኑንም አስተካክይ። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ሰማዩ ዳምኖ ሱቅ ውስጥ በቀትርም ድንግዝግዝ ይላል። መኪናሽን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር አስጠጊ። ቀኝ እጅ ከሆንሽ ብርሃኑ በግራሽ በኩል ይምጣ፤ የገዛ እጅሽ ጥላ ስፌቱ ላይ እንዳይወድቅ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋውን ሥራ ለጠዋቱ ብርሃን አስቀሪው። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ አጎንብሰሽ ከመስፋት፣ ያን ሰዓት ለመተኮስና ለመቁረጥ አውይው። የከሰል ካውያ ካለሽ ማለቴ ነው።

በምን ላይ እንደምትቀመጪ አልጻፍሽልኝም። ጅማ ስለሆንሽ ግን አንድ ግምት አለኝ። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ሦስት እግር ተበጅቶለት፣ መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ ሲያዩት ያምራል፣ ሲቀመጡበትም ይመቻል። ቡና ለምታፈላ ሴት የተመቸ ነው፤ ረከቦቱም ምድጃውም ዝቅ ያሉ ናቸውና። ለስፌት መኪና ግን ዝቅ ይላል። በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል። ያኔ ዳሌ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የወገብ ጥምዝ ይጠፋል፣ ጀርባ ይጎብጣል። ትከሻም ጠረጴዛው ላይ ለመድረስ ወደ ጆሮ ይሰቀላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ተውሎ ማጅራት ባይታመም ነበር የሚገርመው።

መፍትሔው እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። አንቺ ደንበኛሽን በሜትር ለክተሽ ነው የምትሰፊው። ያንኑ ሜትር ለራስሽ ተጠቀሚበት። የምትሠሪበትን ጫማ አድርገሽ ተቀመጪና ከወለሉ እስከ ጉልበትሽ ማጠፊያ ለኪ። በዚያ ላይ አራት ወይም አምስት ሴንቲሜትር ጨምሪ። ይህንን ልክ ለእንጨት ሠሪ ስጪው። ጅማ ላይ ጥሩ እጅ ያለው አናጺ አይጠፋም። መቀመጫው ጠፍጣፋ ይሁን፣ ወደ ፊት በጣም ትንሽ ዘንበል ቢል ጥሩ ነው፣ ወገብ ላይ የሚያርፍ አጭር መደገፊያም ይኑረው። ስትቀመጪ ዳሌሽ ከጉልበትሽ ጥቂት ከፍ ይላል፣ እግርሽም መሬት ወይም ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ይረግጣል። ትከሻሽን ጥለሽ ክንድሽን ስታጥፊ ክርንሽ ከጠረጴዛው እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ይበል። እስኪሠራልሽ ድረስ ቅዳጅ ጨርቅሽን ጆንያ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገሽ ሞልተሽ ወንበርሽ ላይ አድርጊው።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰፊዎች አያስተውሉትም። አንደኛው፣ ፊትሽ ከመርፌው ትይዩ ይሁን። ከመኪናው መሃል ትይዩ ከተቀመጥሽ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ተጠምዝዘሽ ነው የምትሰፊው። ሁለተኛው፣ መኪናሽ ሞተር የተገጠመለት ከሆነ ፔዳሉ ወደ ጎን ሸሽቶ እንደሆነ እይ። ከሸሸ ዳሌሽ አብሮ ይጣመማል፤ ወደ ፊት ለፊትሽ ሳቢው። ወንበርሽንም ወደ ጠረጴዛው አስጠጊ።

ይህ ሁሉ ቢስተካከልም መነሳት ግን የግድ ነው። «በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ» ብልሽ የበዓል ሥራ ተከምሮ ሰዓት እንደማታዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ሥራው ራሱ ያስነሳሽ። የታችኛው ክር ባለቀ ቁጥር ቆመሽ አጠንጥኚ። ካውያውን ከመቀመጫሽ አርቀሽ አስቀምጪው። አሥር ሱሪ አንድ ላይ ሰፍቶ ከዚያ አሥሩንም ከመተኮስ፣ ሁለት ሁለቱን እየሰፋሽ እየተነሳሽ ተኩሺ። ጨርቅ የምትቆርጪው መሬት ላይ አጎንብሰሽ ከሆነ፣ ከዳሌሽ እኩል የሆነ ጠረጴዛ ላይ ቆመሽ ቁረጪ። ስትነሺ መዳፍሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ለመጥ በይ። ከዚህ በላይ ስፖርት አያስፈልገውም፤ አንድ ደቂቃም አይሞላም።

ደግሞ የዙህርና የአስር ሶላቶች በሥራ ሰዓትሽ ውስጥ ናቸው። መቆሙ፣ ማጎንበሱ፣ መውረዱና መነሳቱ ለደረቀ ወገብ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው። ከመስገድሽ በፊት ትንሽ ተንጎራደጂ፤ ከመኪናው ተነስተሽ በቀጥታ ሱጁድ ስትወርጂ ነው ወገብሽ የሚይዝሽ። ስትነሺ መጀመሪያ አንድ እግርሽን ወደ ፊት አድርጊ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አሳርፊና ተነሺ። ህመም ለጠናበት ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድ ታውቂያለሽ። ከነገርሽኝ ህመም ተነስቼ ግን እንቅስቃሴውን ባትተዪ ይሻልሻል እላለሁ። ቀናት ሙሉ መተኛትም ወገብን ያደርቀዋል እንጂ አይፈውሰውም።

ከሥራ ውጭ ሦስት እንቅስቃሴዎች ይበቁሻል። ጠዋት ወይም ማታ፣ በተመቸሽ ሰዓት። ግድግዳውን ተደግፈሽ አገጭሽን ሳታነሺና ሳትደፊ ራስሽን ወደ ኋላ ሳቢ፤ አምስት ቁጠሪና ልቀቂ፤ አሥር ጊዜ። ቀጥሎ ረጅምና ጠንካራ የጨርቅ ቁራጭ ከጽኑ ምሰሶ ጀርባ አዙረሽ ሁለቱን ጫፎች ያዢ። ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል በይና በክርንሽ ራስሽን ወደ ምሰሶው ሳቢ፤ የትከሻ አጥንቶችሽ ኋላ ላይ ሲቀራረቡ ይሰማሽ። ሦስተኛው፣ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ከምንጣፉ አንሺ፤ ትንሽ ያዢና አውርጂ። በሳምንት ሦስት ቀን ብታደርጊው ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ልዩነቱ ይታወቅሻል። መጀመሪያ አካባቢ ጡንቻ ቢዝል አይግረምሽ። እግር የሚነዝር ህመም ከመጣ ግን አቁሚው።

በእግርሽም ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጠዋት በባጃጅ የምትመጪውን መንገድ በእግርሽ ብትመጪ አብዛኛው ይሞላል። እሁድ ከልጅሽ ጋር ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት ትንሽ ትንሽ እያላችሁ መውጣት ደግሞ ለሁለታችሁም ጥሩ ነው። ውሃ የምትቀጂ ከሆነ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑን አስቢ። ሁለት ባለ 10 ሊትር ግዢና በሁለት እጅሽ ያዢ።

ቀበቶውን አትግዢው። ለጥቂት ሰዓት ትከሻን ወደ ኋላ ይስባል፤ ስታወልቂው ትከሻሽ ወደ ለመደበት ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም የወገብ ቀበቶና ድጋፍ እንደ መደበኛ ሕክምና እንዲሰጥ አልመከረም። ያ ገንዘብ ለመነጽሩና ለወንበሩ ይዋል።

የእናትሽ ጉብጠት ካንቺ ጋር አንድ ነገር አይመስለኝም። ሴቶች የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንታቸው ይሳሳል። የአከርካሪ አጥንቶች በፊት በኩል ቀስ በቀስ ይጨፈለቃሉ፤ ቁመት ያጥራል፣ ጀርባ ይጎብጣል። እናትሽን ቀጥ በሉ ማለት አይጠቅማቸውም። ትንሽ ነገር አንስተው ድንገት ጀርባቸውን ከታመሙ፣ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። አንቺ ግን ከአሁኑ በእግርሽ መሄድሽ፣ ጡንቻሽን ማጠንከርሽ፣ ወተትና አይብ ማዘውተርሽ፣ ፀሐይ ማግኘትሽ ለአጥንትሽ ይጠቅማል።

ስለ ልጅሽ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። «ቀጥ በይ» ማለቱን ለጊዜው ተዪው። 14 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ በአንድ ዓመት ተመዘዘ፤ ከክፍል ጓደኞቿ በላይ ሆናለች። ጡት ማጎጥጎጥ ሲጀምር ብዙ ሴት ልጆች ደረታቸውን ለመደበቅ ይጎብጣሉ። ረጅም መሆን ያሳፍራቸዋል። አንቺ በተናገርሻት ቁጥር «ሰው እያየኝ ነው» የሚለው ስሜቷ ይብሳል፣ ይበልጥም ትሸሸጋለች። ከዚህ ይልቅ ልብስ ሰፊ እናት እንዳላት ይወቅላት። ሰውነቷ ተለውጧል፤ የአምናው ልብስና የውስጥ ልብስ አይበቃትም። በልኳ ሰፊላት፣ ስለ ቁመቷም መልካም ነገር ንገሪያት። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በሁለት ትከሻዋ ትያዘው፤ ክብደቱም ከራሷ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል።

አንድ ቀን ግን ተረጋግተሽ ጀርባዋን እይው። እግሮቿን ገጥማ ትቁም፣ እጆቿን አንጠልጥላ ወደ ፊት ታጎንብስ። አንቺ ከኋላዋ ሁነሽ እይ። በአንድ በኩል የጎድን አጥንቷ ወይም ወገቧ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየሽ፣ አከርካሪዋ ወደ ጎን እየተጣመመ ሊሆን ይችላል። ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከመጥፎ አቀማመጥ አይመጣም፤ በዚህ የዕድገት ዕድሜ ግን ሊፋጠን ስለሚችል ቶሎ የአጥንት ሐኪም ማየት አለበት። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ልብሽ ይረፍ።

በመጨረሻ፣ ወንበርና እንቅስቃሴ የማይፈቱት የጀርባ ህመምም አለ። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብለን የምናውቀው ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ፣ በእረፍት የማይሻል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ህመም ከሆነ፣ ከሱ ጋር ማታ ማታ ትኩሳት፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም ጀርባ ላይ አንድ ቦታ እብጥ ካለ፣ ሳትዘገዪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። እግርሽ አልታዘዝ ብሎ ከደከመ፣ በጭኖችሽ መካከል ከደነዘዘሽ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ደግሞ ቀን አትቁጠሪ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለብሽ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብሽ ነው። ከእነዚህ አንዱም ባይኖርብሽና ለአንድ ወር ተኩል የነገርኩሽን ሞክረሽ ለውጥ ካጣሽ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ወደሚሰጥ ሕክምና) እንዲልኩሽ ጠይቂ። ስትሄጂ ሥራሽ ምን እንደሆነና በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቀመጪ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው።